የምዕመናን ጸሎት እንዴት እናዘጋጅ? ዓመቱን ሙሉ የሚያገለግል አሠራር

ይህን የምጽፈው "የሚመጣው እሑድ የምዕመናን ጸሎት ያንተ ተራ ነው" ወይም "ያንቺ ተራ ነው" ለተባለ ሰው ነው። በተለይ እንደኛ ከአዲስ አበባ ዳር ላላችሁት፦ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ፣ የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ወደ ለገጣፎና ወደ ቡራዩ ወጣ ላላችሁት። እነዚህ ሰፈሮች ውስጥ ብዙዎቻችን ከሌላ ቦታ የመጣን ነን። አንዱ ከእምድብር፣ ሌላዋ ከአዲግራት፣ ሌላው ከወላይታ፣ ሌላው ከከምባታ። ኮንዶሚኒየም ደርሶን ወይም ኪራይ ቀለል ብሎልን የገባን ነን። ስለዚህ አጠገባችን የተቀመጠው ሰው ልጁ ታሞበት ይሁን፣ ከሥራ ወጥቶ ይሁን፣ እናቱን ቀብሮ ተመልሶ ይሁን አናውቅም። በካቶሊክ ቅዳሴያችን ውስጥ የእርስ በርሳችንን ችግር አንሥተን በአንድ ድምፅ የምንለምንበት ሰዓት የምዕመናን ጸሎት ነው። በደንብ ካልተዘጋጀ ግን በየሳምንቱ የሚነበብ ያው ወረቀት ሆኖ ይቀራል።

አንድ ነገር ብቻ ያዙልኝ። እያንዳንዱ ልመና፣ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ከልቡ "ጸሎታችንን ስማ" ሊልበት የሚችል መሆን አለበት። አያቱም፣ ወጣቷም፣ ትናንት የተጣሉት ሁለቱ ጎረቤታሞችም። ከዚህ በታች የምላችሁ ሁሉ ከዚህ ይመጣል።

መጀመሪያ፦ ጸሎቱ ምን እንደሆነ እወቁ

ሐዋርያው ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ ልመናና ጸሎት፣ ምልጃና ምስጋና ስለ ሰዎች ሁሉ፣ ስለ ነገሥታትና በሥልጣን ላይ ስላሉትም እንዲደረግ ከሁሉ አስቀድሞ ይመክራል (1ኛ ጢሞ 2፥1-2)። በ155 እ.ኤ.አ. አካባቢ ሰማዕቱ ዩስጢኖስ ሮም ላይ ሆኖ የእሑዱን አምልኮ ሲገልጽ፣ ከንባቡና ከስብከቱ በኋላ ሁሉም ተነሥተው በአንድነት እንደሚጸልዩ ጽፏል። በላቲን ሥርዓት፣ ማለትም በሮም የቅዳሴ ሥርዓት፣ ይህ ጸሎት ለብዙ ዘመን ከዕለተ ስቅለት በቀር ቀርቶ ነበር ማለት ይቻላል። የመለሰው ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ነው። በ1963 እ.ኤ.አ. በወጣው የሥርዓተ አምልኮ ሰነድ ቁጥር 53 ላይ፣ በተለይ በእሑድና በታላላቅ በዓላት ከወንጌልና ከስብከት በኋላ እንዲደረግ አዘዘ።

ለምን "የምዕመናን" ተባለ? በጥንት ጊዜ ገና ያልተጠመቁት ከስብከቱ በኋላ ይሸኙ ነበር፤ ይህን ጸሎት የሚጸልዩት የተጠመቁት ብቻ ነበሩ። ዛሬም በትንሣኤ ሌሊት የተጠመቁ ሰዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ከሕዝቡ ጋር ሆነው የሚጸልዩት የምዕመናን ጸሎት ይህ ነው። ስለ ዓለም መለመን በጥምቀት የተሰጠን የክህነት ሥራ ነው። ይህን የምለው ወረቀቱን ቀለል አድርገን እንዳናየው ነው።

ሁለተኛ፦ ሥርዓታችሁን ለይታችሁ ቆሞሱን (የአጥቢያችሁን አለቃ ካህን) ጠይቁ

አዲስ አበባ ውስጥም ሆነ ዳር ላይ ሁለት ሥርዓት አለ፤ የግእዝ እና የላቲን። የአዲስ አበባ ሀገረ ስብከት የግእዝ ሥርዓት ነው። በግእዝ ቅዳሴ ውስጥ ምልጃው ቀድሞውኑ ሞልቷል። ዲያቆኑ "ጸልዩ" እያለ ሕዝቡን ይጠራል፤ ስለ ሰላም፣ ስለ ጳጳሳት፣ ስለ ጉባኤው ይጸለያል። ስለ ሕሙማን፣ ስለ መንገደኞች፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ምድር ፍሬ የሚጸለዩ መስተብቍዖችም አሉ። ስለዚህ በግእዝ ሥርዓት ያላችሁ ወረቀት ይዛችሁ ከመውጣታችሁ በፊት "አባ፣ ተጨማሪ ልመና የምናቀርብበት ቦታ የት ነው? ስንት ይበቃል?" ብላችሁ ጠይቁ። ቅዳሴው ውስጥ ቀድሞ የተለመነውን በሌላ አማርኛ መድገም አያስፈልግም። የእናንተ ድርሻ የሰፈሩን ጉዳይ መጨመር ነው።

በላቲን ሥርዓት ቦታው የታወቀ ነው። በእሑድ ከስብከትና ከጸሎተ ሃይማኖት በኋላ፣ ሁሉም እንደቆመ። መግቢያውንና መዝጊያውን የሚለው ካህኑ ነው። እናንተ መሐል ያለውን ብቻ ትጽፋላችሁ። ብዙ ቦታ አንባቢው ራሱ ረዥም መግቢያ ሲያነብ እሰማለሁ፤ ይቅር፣ የእርሳቸው ነው። የፈለጋችሁት ሐሳብ ካለ መግቢያውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጽፋችሁ ቀድማችሁ ስጧቸው።

ሦስተኛ፦ ከሰው ሰብስቡ

ሥራው የሚጀምረው ቅዳሜ ማታ አይደለም። እስከ ረቡዕ ድረስ የእሑዱን ንባባት አንብቡ። ከዚያ ጆሯችሁን ክፈቱ። ማን ታሟል? ማን ወልዷል? ማን ቤቱ ፈርሶበት ሌላ ሰፈር ተዛውሯል? የትኛው ብሎክ ላይ ለቅሶ አለ? የመቁጠሪያ ጸሎት የሚያደርሱ እናቶችን ጠይቁ፤ ከነሱ የሚያመልጥ ነገር የለም። ካቴኪስቱን (የሃይማኖት ትምህርት አስተማሪውን) ጠይቁ። የወጣቶች ማኅበር የቴሌግራም ግሩፕ ካለው "ለእሑድ የጸሎት አሳብ ያለው በውስጥ ይላክልን" ብላችሁ ጻፉ። በውስጥ የምለው ሆን ብዬ ነው፤ ሰው ችግሩን ግሩፕ ላይ አያወጣም። ስልክ የማይጠቀሙ ደግሞ አሉ፤ ለነሱ መግቢያው በር ላይ ደብተርና እስክሪብቶ ይቀመጥ።

የሕመምተኛ ስም ከመጥራታችሁ በፊት ራሱን ወይም ቤተሰቡን አስፈቅዱ። የክርስትና ስም ብቻ ይበቃል። የሕመሙ ዓይነት አይነገርም፤ የትኛው ሆስፒታል እንደተኛም አይነገርም። "ለወለተ ማርያም እና ለታመሙት ሁሉ" ብትሉ እግዚአብሔር ያውቃታል። ስለ ትዳር ጠብ፣ ስለ ዕዳ፣ ስለ እስር የተላከላችሁን ስም ሳትጠሩ ሰፋ አድርጋችሁ ጻፉት፦ "በቤታቸው ሰላም ላጡ ባለትዳሮች"። የላከው ሰው እዚያ ቆሞ ሲሰማ ለእርሱ መሆኑን ያውቃል፤ ሌላው ሰው ደግሞ የራሱን ቤት ያስባል።

አራተኛ፦ ቅደም ተከተሉን ጠብቁ

የሮም የቅዳሴ መመሪያ አራት ነገር በተራ ያስቀምጣል። መጀመሪያ ስለ ቤተ ክርስቲያን፣ ቀጥሎ በሥልጣን ላይ ስላሉትና ስለ ዓለም ሁሉ መዳን፣ ቀጥሎ በማንኛውም ችግር ላይ ስላሉ፣ በመጨረሻ ስለ ራሳችን ማኅበረሰብ። ከሰፊው ጀምሮ ወደ ቤት ይገባል ማለት ነው። ሰርግ፣ ሜሮን ወይም ቀብር ሲሆን ልመናው ወደ ዕለቱ ጉዳይ ሊጠጋ ይችላል፤ ያኔም ቢሆን ሌላው ዓለም ጭራሽ አይረሳም።

ከአራት እስከ ስድስት ልመና ይበቃል። አሥር ከሆነ ሰው መቆም ይደክመዋል፣ "ስማ" የሚለውም በአፉ ብቻ ይሆናል።

ሁልጊዜ የሚጎድለው ሁለተኛውና ሦስተኛው ነው። እስቲ የባለፈው ወር ወረቀቶቻችሁን ገልብጡ፤ አብዛኛው ስለ ራሳችን ነው። ስለ መዘምራኖቻችን፣ ስለ ሕንፃ ግንባታችን፣ ስለ ማኅበራችን። ከግቢው ውጭ ያለው ሰፈር የታለ? ታክሲ ሰልፍ ላይ ከንጋቱ 11 ሰዓት የሚቆሙት፣ ውሃ በፈረቃ የሚጠብቁት፣ በቀን ሥራ የሚያድሩት፣ እርሻቸው ወደ ከተማ የተጠቃለለባቸው የድሮዎቹ ባላገሮች? እነሱም ጎረቤቶቻችን ናቸው፤ ካቶሊክ ሆኑም አልሆኑም።

አምስተኛ፦ አጻጻፉ

ልመናው ለሕዝቡ የሚነገር ግብዣ ነው፤ "ስለ እገሌ እንጸልይ" የሚል። እግዚአብሔርን በቀጥታ የሚያናግረው የሕዝቡ መልስና የካህኑ መዝጊያ ጸሎት ነው። ስለዚህ እንዲህ ይጻፋል፦

"በሕመም ላይ ላሉ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፣ ጌታ በምሕረቱ እንዲጎበኛቸው፣ ለሚያስታምሟቸውም ብርታት እንዲሰጥ ወደ ጌታ እንጸልይ።"

ሕዝቡም፦ "ጌታ ሆይ፣ ጸሎታችንን ስማ።"

አንዳንድ ቁምስና (አጥቢያ) "ጌታ ሆይ... እንለምንሃለን" እያለ በቀጥታ ወደ እግዚአብሔር መጻፍ ለምዷል። ቆሞሱ ከተስማሙበት እርሱን ያዙ፤ ዋናው ነገር በአንድ ወረቀት ላይ ሁለቱን አለማደባለቅ ነው። ልመናው "እንጸልይ" ብሎ ተጀምሮ "አንተ ባርካቸው" ብሎ ሲጨርስ ሕዝቡ መቼ እንደሚመልስ ግራ ይገባዋል። የመጨረሻዎቹ ቃላት በየልመናው አንድ ዓይነት ይሁኑ። "ወደ ጌታ እንጸልይ" ሲባል ሰው ሳይነገረው ይመልሳል።

አንድ ልመና በአንድ ትንፋሽ ካልተነበበ ረዝሟል። ጮክ ብላችሁ አንብቡትና ቁረጡ። "በዚህ በተጨናነቀና በተወሳሰበ ዓለም ውስጥ..." የሚሉ መንደርደሪያዎች ይውጡ። ስለ ማን እንደምንለምን፣ ምን እንደምንለምን፤ በቃ።

ልመና የማይሆኑ ነገሮች አሉ። ማስታወቂያ አይደለም። "ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት ለሚደረገው የግቢ ጽዳት ሁሉም እንዲገኝ" የሚለው ከቅዳሴው መጨረሻ ካለው ማስታወቂያ ጋር ይሂድ። ሁለተኛ ስብከትም አይደለም። አባ የተናገሩትን ነጥብ በነጥብ መልሶ ማንበብ አያስፈልግም። ለምጽዋት ሰጪዎች በስም ምስጋና ማቅረቢያም አይደለም። ተግሣጽም አይደለም፦ "አርፍደው የሚመጡ ምዕመናን ልቦና እንዲያገኙ" ሲባል አርፍዶ የመጣው ሰው እንዴት "ስማ" ይበል? የምትጽፉትን ሁሉ በዚህ ጥያቄ ፈትኑት፦ ይህ ሰው እዚህ ቆሞ ቢሰማው ከእኛ ጋር ሊጸልይ ይችላል?

ከኢንተርኔት የተገለበጠ ወረቀትም ቶሎ ያስታውቃል። በታኅሣሥ ስለ በረዶ፣ በሐምሌ ስለ ባሕር ዳር ዕረፍት የሚለምን ወረቀት ከሌላ ሀገር የመጣ ነው። እኛ ጋ በታኅሣሥ አጨዳና ውርጭ ነው፣ በሐምሌ ደግሞ ጭቃና ጎርፍ።

ስድስተኛ፦ ዓመቱን ተከተሉ

በጣም የምወደው ክፍል ይህ ነው። የቤተ ክርስቲያን ዓመት ራሱ ስለ ምን እንደምንለምን ይነግረናል። በዓላቶቻችን የሚሄዱት በሀገራችን አቆጣጠር ስለሆነ ዘመኑን ከሰፈሩ ኑሮ ጋር ማገናኘት ከባድ አይደለም።

መስከረም ላይ አዲስ ዓመት ነው፤ ትምህርት ይከፈታል። ደብተርና ዩኒፎርም መግዛት ያቃታቸውን ወላጆች አንሡ። የመስከረም መጨረሻ እሑድ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የስደተኞችና የፈላሲያን ቀን ነው፤ ብዙ ጊዜ ከመስቀል በዓል ጋር ይቀራረባል። ወዲያው ደግሞ በግእዝ ሥርዓት ከመስከረም 26 ጀምሮ እስከ ኅዳር መጀመሪያ ዘመነ ጽጌ ይገባል፤ እመቤታችን ልጇን ይዛ ወደ ግብፅ የተሰደደችበት መታሰቢያ። በእኛ ሰፈር ዐረብ ሀገር ልጅ፣ እኅት ወይም ሚስት የሌለው ቤት ጥቂት ነው። እንዲህ ብትጽፉ ማንም ዝም ብሎ አይሰማውም፦

"በሰው ሀገር በሰው ቤት ለሚሠሩ ልጆቻችን፣ በበረሃና በባሕር መንገድ ላይ ላሉ፣ ከእናቱ ጋር ወደ ግብፅ የተሰደደው ጌታ ከለላ እንዲሆናቸው፣ በሰላምም ለቤታቸው እንዲያበቃቸው ወደ ጌታ እንጸልይ።"

በላቲን ሥርዓት ኅዳር 2 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ በእኛ ጥቅምት 23 አካባቢ፣ የሙታን መታሰቢያ ነው። ወሩን ሙሉ የሞቱትን እናስባለን። እዚህ ላይ የስም ዝርዝር ይረዝማል። ሁሉንም ከማንበብ ስማቸው በደብተር ተጽፎ መሠዊያው አጠገብ ይቀመጥ፤ ልመናው አንድ ይሁን። በሕይወት ያሉትም አይረሱ፤ ብቻዋን የቀረችውን እናት አስቡ።

በግእዝ ሥርዓት ከልደት በፊት ያለው ዘመነ ስብከት ሦስት እሑዶች አሉት፤ ስብከት፣ ብርሃን፣ ኖላዊ። ስማቸው ብቻ ልመናውን ያቀብላችኋል። በስብከት ለካቴኪስቶችና ወንጌልን ላልሰሙ፤ በብርሃን በጨለማ ላሉ፣ ለታሰሩ፣ ተስፋ ለቆረጡ፤ በኖላዊ ለጳጳሶቻችንና ለካህናቶቻችን፦

"ለርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮ 14ኛ፣ ለሊቀ ጳጳሳችንና ለካህናቶቻችን፣ የጠፋውን የሚፈልግ የእረኛ ልብ እንዲሰጣቸው ወደ ጌታ እንጸልይ።"

ጥምቀት ላይ ደስ የሚል ነገር አለ። የክርስቲያኖች አንድነት የጸሎት ሳምንት ከጥር 18 እስከ 25 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው። መጀመሪያው ቀን ብዙውን ጊዜ ከከተራ ጋር ይገጥማል። ኦርቶዶክስ ጎረቤቶቻችን ታቦት አጅበው ሲወጡ እኛም ስለ አንድነት እንለምናለን። በአንድ ብሎክ፣ በአንድ ቤት ውስጥ እንኳ ኦርቶዶክስ፣ ካቶሊክና ፕሮቴስታንት አብሮ ይኖራል፤ ስለዚህ ይህ ልመና የቤታችን ነው። ሌላውን "ወደ እውነት እንዲመለስ" የሚል አጻጻፍ ግን አይሁን። ሁላችንም ወደ ክርስቶስ እንድንቀርብ ለምኑ። በእኛ አቆጣጠር የካቲት 4 ደግሞ የዓለም የሕሙማን ቀን ነው፤ ለነርሶች፣ ለሐኪሞችና ለአስታማሚዎች የሚሆን ልመና ያዙ።

ዐቢይ ጾም ሲገባ የምዕመናን ጸሎት የሚጽፍ ሰው ሥራው ይቀለዋል። በግእዝ ሥርዓት እያንዳንዱ እሑድ ስም አለው፤ ዘወረደ፣ ቅድስት፣ ምኩራብ፣ መጻጉዕ፣ ደብረ ዘይት፣ ገብር ኄር፣ ኒቆዲሞስ፣ ሆሣዕና። በምኩራብ ጌታ ቤተ መቅደሱን ያጸዳል፤ በሱቅም በቢሮም ያለን ሰዎች በሚዛናችንና በቃላችን ታማኞች እንድንሆን ለምኑ። በገብር ኄር የተሰጠውን በታማኝነት ስለሠራው አገልጋይ ይነበባል፤ ለጥበቃዎች፣ ለጽዳት ሠራተኞች፣ ለግንባታ ሠራተኞች፣ ደመወዛቸው ለዘገየባቸው ለምኑ። ኒቆዲሞስ በሌሊት መጥቶ የጠየቀ ሰው ነው፤ በጥርጣሬ ውስጥ ላሉ፣ ቤተ ክርስቲያን መምጣት ለተዉ ወጣቶች ለምኑ። መጻጉዕ ላይ ግን ትንሽ ልቆይ። 38 ዓመት በሕመም የኖረው ሰው ለጌታ የመለሰለት "ሰው የለኝም" ብሎ ነው። ይህን ቃል ልመናው ውስጥ አስገቡት፦

"ብዙ ዘመን በአልጋ ላይ ላሉ፣ ‘ሰው የለኝም’ ለሚሉ፣ ጌታ በፈውሱ እንዲጎበኛቸው፣ እኛንም ደጃቸውን የምናንኳኳ ሰዎች እንዲያደርገን ወደ ጌታ እንጸልይ።"

ከዚያ ሳምንቱ ውስጥ አራተኛ ፎቅ ላይ ከቤት መውጣት ያቃታቸውን እናት ጎብኙ። አሳንሰር የሌለው ሕንፃ ለአረጋዊ ሰው እስር ቤት ነው፤ ይህን የሚያውቅ የሰፈር ሰው ነው።

በዕለተ ስቅለት በላቲን ሥርዓት ልመናዎቹ አሥር ናቸው፤ የተወሰኑና የተጻፉ። ስለ ቤተ ክርስቲያን፣ ስለ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት፣ ስለ ካህናትና ምዕመናን ሁሉ፣ ስለ ንኡሰ ክርስቲያን (ለጥምቀት ስለሚዘጋጁ)፣ ስለ ክርስቲያኖች አንድነት፣ ስለ አይሁድ ሕዝብ፣ በክርስቶስ ስለማያምኑ፣ በእግዚአብሔር ስለማያምኑ፣ ስለ መንግሥት ባለ ሥልጣናት፣ በመከራ ላይ ስላሉ። የራሳችሁን አትጨምሩ፤ ከባድ የሕዝብ ችግር ሲመጣ ልዩ ልመና እንዲጨመር የሚፈቅዱት ጳጳሱ ናቸው። የዚህ ዕለት ሥራችሁ አንባቢውን ማለማመድና ከእያንዳንዱ ልመና በኋላ ያለውን ጸጥታ አለማሳጠር ነው።

በትንሣኤ ዘመን ልመናው ደስታ ይኑርበት። አዲስ የተጠመቁትን በስማቸው ጥሩ፤ ይህ ፈቃድ ጠይቃችሁ በደስታ የምታደርጉት ነው። የበዓል ዶሮና በግ መግዛት ላልቻሉም አስቡ። አራተኛው የትንሣኤ እሑድ በላቲን ሥርዓት የመልካም እረኛ እሑድ ነው፤ ስለ ጥሪ ይጸለያል። ጰራቅሊጦስ ላይ ደግሞ ቋንቋዎቻችንን ተጠቀሙ። አንዱን ልመና በአፋን ኦሮሞ፣ ሌላውን በጉራጊኛ፣ ሌላውን በወላይትኛ፣ ሌላውን በትግርኛ ይነበብ፤ መልሱ ግን በሁሉም ሰው ቋንቋ አንድ ይሁን፣ በአማርኛ ወይም "እግዚኦ ተሣሃለነ" ብላችሁ በግእዝ። አንባቢው ቋንቋው አፍ መፍቻው የሆነ ሰው ይሁን። በዚያ ቋንቋ ያደገች አንዲት እናት እንኳ ብትኖር ለእርሷ ትልቅ ነገር ነው።

ሰኔ ላይ ፈተና ነው። ክረምቱ ሲገባ በወንዝ ዳር ያሉት ቤቶች ያሳስባሉ፤ አቃቂ አካባቢ ያላችሁ ከኔ በላይ ታውቁታላችሁ፦

"በወንዝ ዳርና በዛገ ቆርቆሮ ሥር ለሚኖሩ ጎረቤቶቻችን፣ ዝናቡ ለአዝመራው በረከት እንጂ ለቤታቸው ጥፋት እንዳይሆን ወደ ጌታ እንጸልይ።"

ስለ ታሰሩ ሰዎች ለመለመን ደግሞ የራሳችን ብፁዕ አለን፤ ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል በ1855 እ.ኤ.አ. በሰንሰለት ታስረው ሳሉ ነው ያረፉት። መታሰቢያቸው በሚውልበት እሑድ እስረኞችንና ቤተሰቦቻቸውን አስቡ።

ሰባተኛ፦ ከባድ ጉዳይ ሲመጣ

ሀገር ስትታመም ዝም ማለት አይቻልም፤ እንደ ዜና ማንበብም አይቻልም። በአንድ መቀመጫ ላይ ልጁ ወታደር የሆነና ዘመዱ በዚያው ግጭት የሞተበት ሰው አብረው ሊቀመጡ ይችላሉ። ስለዚህ ወገን አትጥሩ፣ ጥፋተኛ አትወስኑ፣ ቁጥር አታንሡ። ግን ደግሞ "ስለ ሰላም" ብላችሁ በደምሳሳው አትለፉት። የሚሠቃየውን ሰው አንሡ፦ "በግጭት ምክንያት ከቀያቸው ለተፈናቀሉ፣ ልጆቻቸውን ላጡ እናቶች፣ መሣሪያ ለያዙም ሁሉ፣ ጌታ የሰላምን መንገድ እንዲያሳየን"። መሣሪያ የያዘውም እንደሚለመንለት አትርሱ፤ ጌታ ለጠላቶቻችሁ ጸልዩ ብሏል።

ለባለ ሥልጣናት ስንለምንም ማሞገስ ወይም መውቀስ የለም። ጥበብ፣ ፍትሕና የድሃውን ጩኸት የሚሰማ ጆሮ እንዲሰጣቸው ይለመናል። ቤታቸው በመንገድ ሥራና በልማት ምክንያት ለተነሣባቸው እንዲህ በቂ ነው፦ "ከኖሩበት ሰፈር ለተነሡ፣ በአዲሱ ቦታ መጠለያ፣ ሥራና መልካም ጎረቤት እንዲያገኙ ወደ ጌታ እንጸልይ።"

ስምንተኛ፦ ንባቡ

ወረቀቱ ዓርብ ማታ ለአባ ይላክ፤ ቅዳሜ ያርሙታል። በትልቁ ፊደል ይታተም ወይም በግልጽ በእጅ ይጻፍ፤ መብራት ሊጠፋ ይችላል፣ በስልክ አታንቡ። ስሞቹን ከባለቤቱ አጠራሩን ጠይቃችሁ ተለማመዱ። ጸሎተ ሃይማኖት ሊያበቃ ሲል ወደ ማንበቢያው ተጠጉ፤ አባ መግቢያውን ሲጨርሱ ጀምሩ። ከእያንዳንዱ ልመና በፊት ሁለት ትንፋሽ ያህል ዝም በሉ። መጨረሻ ላይ "እያንዳንዳችን በልባችን ስለያዝነው" ብላችሁ ትንሽ ረዘም ያለ ጸጥታ ስጡ፤ ይህን አትዝለሉት። ካህኑ መዝጊያውን ጸልየው ሕዝቡ "አሜን" እስኪል ከቦታችሁ አትነሡ።

ካህን በየሳምንቱ የማይመጣበት ጸሎት ቤት ካላችሁ፣ ካቴኪስቱ ወይም መሪው አጭር መግቢያና መዝጊያ ጸሎት ይላል፤ ሌላው ሁሉ ያው ነው። ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ስትጸልዩ ግን አሳጥሩት። ሦስት ልመና ይበቃል፦ ስለ ሟቹ፣ ስለ ቤተሰቡ፣ ስለ አጽናኞቹ። ሙስሊም ጎረቤቶችም ቆመው አሉና መልሱን አስቀድማችሁ በቀስታ ንገሩ፤ የፈለገ ይመልሳል፣ ያልፈለገ በአክብሮት ይቆማል።

ከቅዳሴ በኋላ የሕሙማን ስም ያለበትን ወረቀት መቀመጫ ላይ አትተዉት። ስሞቹን አውጥታችሁ ልመናዎቹን በየዘመኑ በፋይል አስቀምጡ፤ በሚመጣው ዓመት ተራው የሚደርሰው ሰው ከባዶ አይጀምርም።